ማርብል ካፕኬክ ከጓደኞች ጋር፦ ለአዲስ አበባ ከፍታ የተስተካከለ አሠራር

ጥሩ ማርብል ካፕኬክ ለሁለት ሲከፈል ነጩና ቡናማው ጎን ለጎን ተጠማዝዘው፣ ድንበራቸው ሳይደበዝዝ ይታያሉ። ቤት ውስጥ ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ነጭም ቡናማም ያልሆነ፣ ማኪያቶ የመሰለ ወጥ ኬክ ነው። ያኔ ጥፋቱ የሚጣለው ሊጡን በስቴኪኒ ባዞረው ሰው ላይ ነው። ማዞር ማብዛት እውነትም ያበላሻል። ነገሩ በአብዛኛው የሚወሰነው ግን ስቴኪኒው ሊጡን ከመንካቱ በፊት ነው፤ ካካዋ የገባበት ሊጥና ነጩ ሊጥ ውፍረታቸው እኩል ካልሆነ ቀጭኑ ይፈሳል፣ ወፍራሙ ይሰምጣል፣ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢዞር መስመር አይወጣም። በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀስ ማለት ካለባችሁ፣ ሁለቱን ሊጥ በማመጣጠኑ ላይ ይሁን።

ሌላው ሰዓት ነው። ቤኪንግ ፓውደር እርጥበት ሲነካው ጋዝ ማውጣት ይጀምራል፤ ሊጡ ሳህን ውስጥ በቆየ ቁጥር ኬኩን ኩፍ የሚያደርገው ጉልበት ይቀንሳል። ጓደኛሞች ሲሰበሰቡ ደግሞ ጨዋታው ይደምቅና ሊጡ ይረሳል፤ ወይም ሁሉም ተራ በተራ ማማሰያውን እየተቀበለ ሊጡ ከልክ በላይ ይመታል። ስለዚህ ዱቄቱ ከመመዘኑ በፊት ሥራው ይከፋፈል።

ከፍታው ምን ያደርጋል

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ይህ ለወጥ ትንሽ ጊዜ መጨመር ማለት ነው፤ ለኬክ ግን ብዙ ነገር ይለውጣል። ሊጡ ውስጥ ያለውን ጋዝ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ በፍጥነትና በብዛት ይለጠጣል። ዱቄቱና እንቁላሉ ጠንክረው ሳይዙት ኬኩ ከፍ ይልና መሃሉ ይሰምጣል። ውሃው ቶሎ ስለሚተን ደግሞ ስኳሩ ይከማችና ኬኩን ያላላዋል፣ ጠርዙ ሙጫ ይመስላል። ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ አሠራር ሳይስተካከል አዲስ አበባ ላይ የሚሰምጠው ለዚህ ነው እንጂ የጋጋሪው እጅ ከፍቶ አይደለም።

መፍትሔው ቤኪንግ ፓውደር መቀነስ፣ ስኳር ትንሽ መቀነስ፣ ፈሳሽና ዱቄት በጥቂቱ መጨመር፣ ኦቨኑን ደግሞ ከተለመደው በ10 ዲግሪ ያህል አብልጦ ማሞቅ ነው። ከታች ያለው ልኬት ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የተቀመጠ ነው።

ለ12 ካፕኬክ የሚያስፈልግ

– ፉርኖ ዱቄት 180 ግራም
– የበቆሎ ስታርች 20 ግራም
– ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ ልክ (4 ግራም ገደማ)
– ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ
– የገበታ ቅቤ 110 ግራም
– ስኳር 150 ግራም
– እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 105 ግራም ገደማ
– ወተት 140 ሚሊ ሊትር
– ቫኒላ 1 የሻይ ማንኪያ

ለቡናማው ሊጥ፦ ካካዋ 15 ግራም፣ ስኳር 10 ግራም፣ ትኩስ ወተት 30 ሚሊ ሊትር፣ ለማስተካከያ የሚሆን ተጨማሪ ጥቂት ወተት።

ስለ እያንዳንዱ ማወቅ ያለባችሁ፦

ዱቄቱ። ገበያ ላይ ያለው ፉርኖ ዱቄት ለዳቦም ጭምር የሚሆን ነው፤ ሲመታ ቶሎ ይሳሳባል። ስታርቹ የሚገባው ይህን ለማለስለስ ነው። ከ20 ግራም በላይ አታድርጉት፤ በዚህ ከፍታ ኬኩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ዱቄቱ ራሱ ነው።

እንቁላሉ። «ሁለት እንቁላል» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከነቅርፊቱ 40 ግራም ገደማ ሲሆን የፈረንጁ 55 እና ከዚያም በላይ ይመዝናል። የፈረንጅ ከሆነ ሁለት፣ የሐበሻ ከሆነ ሦስት ይበቃል። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አስቀምጡት። ቀዝቃዛ እንቁላል ቅቤውን ያረጋውና ድብልቁ እንደተቋጠረ ወተት ይበታተናል።

ቅቤው። የገበታ ቅቤ ይሁን፣ ጨው የሌለው ቢሆን ይመረጣል፤ ጨው ካለው ከላይ የተጻፈውን ጨው ተዉት። የተነጠረና የተቀመመ ቅቤ ለዚህ ኬክ አይሆንም፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው ቫኒላውንም ካካዋውንም ይውጣቸዋል። ያልተነጠረ ለጋ ቅቤም ጠረኑ ከባድ ነው። ቅቤ ከሌለ 90 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት መጠቀም ይቻላል፤ ኬኩ ይርሳል እንጂ አይጎዳም፣ የቅቤው ጣዕም ግን ይቀራል።

ስኳሩ። የእኛ ስኳር ፍሬው ትልልቅ ስለሆነ ቅቤ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም። በመፍጫ ለ10 ሴኮንድ ፈጭታችሁ ተጠቀሙበት፤ ዱቄት እስኪሆን ሳይሆን ፍሬው እስኪደቅ ብቻ።

ካካዋው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለመጠጥ የሚሸጠው የቸኮሌት ዱቄት ካካዋ አይደለም፤ አብዛኛው ስኳር ነው፣ ቀለሙም ሲጋገር ይገረጣል። ስያሜ የሌለው በኪሎ የተሸጠ ከሆነ ጥቂቱን በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ ቅመሱት። እውነተኛው ካካዋ መራራ ነው፣ ጣፋጭ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ቤኪንግ ፓውደሩ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጉ። ወዲያው ተንቻችቶ ከፈላ ይሠራል፤ ዝም ካለ አዲስ ግዙ። የቤት የሻይ ማንኪያ መጠኑ ስለሚለያይ፣ ከሕፃናት ሽሮፕ ጋር የሚመጣው 5 ሚሊ ሊትር መለኪያ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በዚህ ኬክ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር መብለጥ ብቻውን መሃሉን ያሰምጣል።

ከዕቃ፦ ባለ 12 ጉድጓድ የካፕኬክ መጋገሪያ፣ የካፕኬክ ወረቀት፣ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፣ ወንፊት፣ ሚክሰር ወይም የእጅ መምቻ፣ የላስቲክ ማንኪያ፣ የኩሽና ሚዛን፣ ስቴኪኒ። መጋገሪያው ከሌለ ወረቀቱን ሦስት ሦስት እየደረባችሁ ጎኑ ከፍ ባለ ትሪ ላይ አንዱን ካንዱ አስጠግታችሁ ደርድሩ፤ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ቅርጹ ትንሽ ይንጋደዳል፣ ጣዕሙ ያው ነው።

ሥራው ሲከፋፈል

አራት ሰው ለአንድ ዙር በቂ ነው። አንዱ ይመዝናል፤ ሁሉንም ነገር መዝኖ ከፊት ከደረደረ በኋላ ሥራው ኦቨኑና ሰዓቱ ይሆናል። ሁለተኛው ቅቤና ስኳሩን ይመታል፣ ነጩን ሊጥ እስከ መጨረሻው የሚይዘውም እሱ ነው። ሦስተኛው ዱቄቱን ነፍቶ ሲጨርስ ካካዋውን በትኩስ ወተት ይለውሳል፣ ቡናማው ሊጥ የእሱ ነው። አራተኛው ወረቀቱን ደርድሮ ይጠብቅና ሁለቱ ሊጦች እንደደረሱ መሙላት ይጀምራል፤ ሁለቱ ማማሰያ የያዙት ያግዙታል። አንድ ሳህን ላይ አንድ እጅ ብቻ ይሁን። «እስቲ እኔም ልሞክር» የሚል ቢመጣ ስቴኪኒውን ስጡት፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሦስት ካፕኬክ ያዞራል። ሁሉም የሚደሰትበት ሥራም እሱ ነው።

ስምንት ሆናችሁ ከመጣችሁ ልኬቱን በአንድ ሳህን እጥፍ አታድርጉት። የቤት ኦቨን በአንድ ጊዜ አንድ መጋገሪያ ብቻ ነው በደንብ የሚያበስለው፤ ሁለተኛው ሊጥ 20 ደቂቃ ውጭ ይጠብቃል ማለት ነው። ሁለት ቡድን ሁኑና ሁለተኛው ቡድን ፈሳሹን የሚቀላቅለው የመጀመሪያው መጋገሪያ ኦቨን ከገባ 10 ደቂቃ በኋላ ይሁን።

ልጆች ካሉ ጥሬውን ሊጥ እንዳይልሱ ተቆጣጠሩ፤ ጥሬ እንቁላል ብቻ ሳይሆን ጥሬ ዱቄትም ሆድ ያውካል።

አሠራሩ

1. ኦቨኑን በ185 ዲግሪ አብሩ፣ ማራገቢያ ካለው በ170። መደርደሪያው መሃል ላይ ይሁን። መብራቱ «ሞቋል» ቢልም 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ አየሩ ቶሎ ይሞቃል፣ ግድግዳው ግን ይቆያል፣ በሩ ሲከፈት ሙቀቱን መልሶ የሚሰጠው ግድግዳው ነው።

የብዙ ቤት ኦቨን ቁጥሩ እውነት አይናገርም። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ በስኳር መፈተን ይቻላል። ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ አድርጋችሁ ቁጥሩ 175 ላይ ሆኖ 15 ደቂቃ ተዉት፤ ከቀለጠ ኦቨናችሁ ከሚለው በላይ ይሞቃል። 195 ላይ አድርጋችሁም ካልቀለጠ ከሚለው በታች ነው። ይህን አንድ ቀን አስቀድማችሁ ብትሠሩት ይሻላል።

2. ዱቄቱን፣ ስታርቹን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን አንድ ላይ ሁለት ጊዜ ንፉ። መንፋቱ አየር ለማስገባት ሳይሆን ቤኪንግ ፓውደሩ እኩል እንዲሰራጭ ነው። አንድ ቦታ ከተከማቸ አንዱ ካፕኬክ ይፈነዳል፣ ሌላው ዝም ይላል።

3. ካካዋውን ከ10 ግራም ስኳር ጋር በትንሽ ኩባያ አድርጋችሁ ትኩሱን ወተት ጠብ እያደረጋችሁ ለውሱት። እንደ ተልባ ወጥ የሚለሰልስ፣ ጓጓላ የሌለው ይሁን። ካካዋን ደረቁን ሊጥ ውስጥ መነስነስ የተለመደ ስህተት ነው። ፈሳሹን ይመጠውና ቡናማውን ሊጥ ያደርቀዋል፤ ጓጓላውን ለማጥፋት ሲመታ ደግሞ ሊጡ ይጠነክራል። በትኩስ ሲለወስ ጠረኑም ይከፈታል። በወተቱ ፈንታ ያንኑ 30 ሚሊ ሊትር አቦል ብትጠቀሙ ቡናው ካካዋውን ያጠልቀዋል እንጂ የቡና ኬክ አያደርገውም፤ ይህን አጥብቀን እንመክራለን። ለብ እስኪል ይቀመጥ።

4. ቅቤው ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ ግን ያልቀለጠ መሆን አለበት፣ 18 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ የአዲስ አበባ ኩሽና ለዚህ ይቀዘቅዛል፤ ቅቤውን በትንንሹ ቆራርጣችሁ ሳህኑን ለብ ባለ ውሃ ላይ ለሁለት ደቂቃ አስቀምጡት። ከስኳሩ ጋር በሚክሰር 3 ደቂቃ ምቱ፣ በእጅ ከሆነ 7 ወይም 8። ቀለሙ ፈዘዝ ሲል አቁሙ። የባሕር ዳርቻው አሠራር 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያስመታል፤ እዚህ ግን ያ ሁሉ አየር ኦቨን ውስጥ ከልክ በላይ ይለጠጣል።

5. እንቁላሉን አንድ ባንድ እየጨመራችሁ ምቱ፤ የመጀመሪያው ሳይዋሃድ ሁለተኛው አይግባ። ቫኒላውን ጨምሩ። ድብልቁ መበታተን ከጀመረ ከተነፋው ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ አስገቡ፣ ይሰበሰባል።

6. ከዚህ በኋላ ሚክሰሩን አስቀምጡ። ዱቄቱን በሦስት፣ ወተቱን በሁለት ጊዜ ከፍላችሁ እያፈራረቃችሁ ጨምሩ፤ በዱቄት ጀምራችሁ በዱቄት ጨርሱ። በላስቲክ ማንኪያ ከታች ወደ ላይ እየገለበጣችሁ ቀላቅሉ። ደረቅ ዱቄት መታየቱ ሲያበቃ ማቆም ነው፤ ትንንሽ ጓጓላ ቢቀር አያስጨንቅም። ከዚህ በላይ ማማሰል ሊጡን ወደ ዳቦ ሊጥ ይወስደዋል፤ ኬኩ ሲቆረጥ ወደ ላይ የሚሄዱ ረጃጅም ቀዳዳዎች ይታዩበታል፣ ሲበላም ይለጠጣል።

7. ሊጡን ክፈሉት። በዓይን አትገምቱ፣ ሚዛን ተጠቀሙ። አጠቃላዩ 700 ግራም አካባቢ ይሆናል። 320 ግራሙን ወደ ሁለተኛው ሳህን ገልብጡና የተለወሰውን ካካዋ ጨምሩበት። ካካዋው ከነፈሳሹ 55 ግራም ስለሆነ ሁለቱ ሊጦች በመጨረሻ ይተካከላሉ።

8. ዋናው ቦታ ይህ ነው። ሁለት ማንኪያ ውሰዱ፤ አንዱን በነጩ፣ ሌላውን በቡናማው ሊጥ ሙሉና እኩል ከፍታ ላይ ጎን ለጎን ዘንበል አድርጉ። ሊጡ በዝግታ፣ በጉልህ ጠብታ፣ ሦስት ሴኮንድ ያህል ወስዶ መውደቅ አለበት። እንደ እንጀራ ሊጥ በቀጭኑ ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ላይ ተጣብቆ ከቀረ ወፍሯል። ቡናማው አብዛኛውን ጊዜ ይወፍራል፣ ምክንያቱም ካካዋው ፈሳሽ መምጠጡን ቶሎ አያቆምም። አንድ የሻይ ማንኪያ ወተት ጨምራችሁ በአምስት ወይም ስድስት መገልበጥ ቀላቅሉና እንደገና ፈትኑ። ሁለቱ ማንኪያዎች አብረው እስኪያራግፉ ድረስ እንዲህ አድርጉ። ቡናማው ከቀጠነ ነጩን በአንድ የሻይ ማንኪያ ወተት አቅጥኑት እንጂ ቡናማው ላይ ዱቄት አትጨምሩ።

ፈሳሽ ከገባ ጀምሮ እዚህ እስክትደርሱ ከ10 ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

መሙላትና ማዞር

እያንዳንዱ ወረቀት 60 ግራም ሊጥ ይይዛል፤ ከግማሹ ጥቂት ከፍ ይላል ማለት ነው። በባሕር ዳርቻ ሁለት ሦስተኛ ይሞላል፤ እዚህ ያን ያህል ከሞላችሁ ከጠርዙ ላይ ይገነፍላል።

በሻይ ማንኪያ አንድ ጉብ ነጭ፣ ከጎኑ አንድ ጉብ ቡናማ አድርጉ። ቀጥሎ በነጩ ላይ ቡናማ፣ በቡናማው ላይ ነጭ። አራት ጉብታ፣ እንደ ዳማ ሰሌዳ የተፈራረቀ። ነጩን ከታች፣ ቡናማውን ከላይ እንደ ንጣፍ ብቻ ብታደርጉ ስቴኪኒው ሁለቱን ለማገናኘት ብዙ መዞር ይኖርበታል፣ ብዙ ሲዞር ደግሞ ይደበዝዛል።

ስቴኪኒውን እስከ ታች፣ ወረቀቱን ሳይቀድ፣ አስገቡና የ8 ቁጥር ቅርጽ አንድ ጊዜ ተኩል ሥሩ። አንዴ ከታች ወደ ላይ ሳብ አድርጉና አውጡት። በቃ። በዚህ ጊዜ ሊጡ ገና ያልተቀላቀለ ይመስላል፣ እጅም «አንዴ ብቻ ልጨምር» ይላል። አትጨምሩ፤ ኦቨን ውስጥ ሊጡ ወደ ላይ ሲገፋ መስመሩን ራሱ ያጥፈዋል፣ ይጠመዝዘዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ስቴኪኒውን በጨርቅ ጥረጉት፣ አለዚያ ቡናማው የነጩን ገጽ ያቆሽሻል።

የመጋገሪያውን ታች በጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። ደጋግሞ መምታት ግን ማርብሉን ያስተኛዋል።

መጋገር

18 እስከ 20 ደቂቃ። እስከ 14ኛው ደቂቃ በሩ አይከፈት፤ ሰዓት የያዘው ሰው ይህን ይጠብቅ። ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ገና ያልጠነከረው መሃል ይወድቃል፣ ወድቆም አይነሳም። በ14ኛው ደቂቃ ኦቨናችሁ ወደ አንድ ጎን የሚያደላ ከሆነ መጋገሪያውን ቶሎ አዙሩት።

መብሰሉን በሁለት ነገር እወቁ። ጣት መሃሉን ሲነካው ተመልሶ ይነሳል፤ ስቴኪኒ ሲገባ ጥቂት ፍርፋሪ ይዞ ይወጣል። ፈጽሞ ደርቆ ከወጣ ኬኩ አልፎበታል። ስቴኪኒውን በነጩም በቡናማውም ክፍል ሞክሩ፣ ቡናማው ትንሽ ዘግይቶ ይበስላል። የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ፦ የውጭ መጻሕፍት የኬክ መሃል 96 ወይም 98 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ስለሚፈላ፣ እርጥበት ያለው ኬክ እዚያ አይደርስም። ያን ቁጥር ከጠበቃችሁ ብስኩት ታወጣላችሁ። 90 ወይም 91 ይበቃል።

ከኦቨን ከወጣ 5 ደቂቃ መጋገሪያው ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ አንድ ባንድ አውጥታችሁ አየር በሚያስተላልፍ የሽቦ ትሪ ላይ አድርጉ። ሽቦው ከሌለ የተገለበጠ ንጹሕ ወንፊት ይሆናል። መጋገሪያው ውስጥ ከተረሳ በራሱ እንፋሎት ያልበውና ወረቀቱ ከኬኩ ይላቀቃል።

መብራት ቢጠፋ

ይህ የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። ኬኩ ከገባ 12 ደቂቃ ካለፈ በሩን አትክፈቱ፤ በደንብ የሞቀ ኦቨን በያዘው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ይጨርሰዋል፣ 10 ደቂቃ ጨምራችሁ ፈትኑ። ገና 5 ደቂቃ ከሆነ ግን ማዳን ይከብዳል። ሊጡ ገና ሳህን ውስጥ ከሆነ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ፤ እስከ ግማሽ ሰዓት ብዙ አይጎዳም፣ አብዛኛው ቤኪንግ ፓውደር ዋና ሥራውን የሚሠራው ሲሞቅ ነውና።

ጋዝ ያላችሁ በድስት መጨረስ ትችላላችሁ። ወፍራም ድስት ታች ላይ ሁለት ጣት ጨው አፍስሱ፣ በላዩ የብረት ማስቀመጫ አድርጉ፣ ከድናችሁ በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ አሙቁ። ካፕኬኮቹን በትንንሽ የብረት ኩባያ ወይም በተደራረበ ወረቀት አስገብታችሁ እሳቱን ቀንሱና 25 ደቂቃ ያህል ጋግሩ። ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልሉት፣ እንፋሎቱ ተንጠባጥቦ የኬኩን ገጽ እንዳያበላሽ፤ የጨርቁን ጫፎች ግን ክዳኑ ላይ እሰሯቸው፣ ተንጠልጥለው እሳት እንዳይዛቸው። ከላይ አይቀላም፣ ይህ የድስት ጠባይ ነው። ጨው ለሌላ ምግብ አይውልም፣ ለሚቀጥለው መጋገር አስቀምጡት።

ምን ተበላሸ? ለምን?

መሃሉ ሰመጠ፦ ቤኪንግ ፓውደር በዝቷል፣ በሩ ቀድሞ ተከፍቷል ወይም ሳይበስል ወጥቷል። የቱ እንደሆነ ቆርጣችሁ እዩ። የሰመጠው ክፍል እርጥብ ከሆነ አልበሰለም፤ በስሎ ግን ቀዳዳው ትልልቅ ከሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ ነው።

እንደ ተራራ ሾሎ ተሰነጠቀ፦ ኦቨኑ ከልክ በላይ ሞቋል። ውጩ ጠንክሮ ካለቀ በኋላ መሃሉ መውጫ ፍለጋ ሰንጥቆታል። ዱቄት በማንኪያ ተጠቅጥቆ ሲለካም ይህ ይመጣል።

ቡናማው ሁሉ ታች ተኛ፦ ወፍሮ ነበር። ወደ 8ኛው ተራ ቁጥር ተመለሱ።

ቡናማው ክፍል ደረቀ፣ ነጩ ደህና ነው፦ ካካዋው በቂ ፈሳሽ አላገኘም።

ጎኑ ሙጫ ሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ተጣበቀ፦ ስኳር በዝቷል፣ ወይም በትኩስነቱ ተልጧል።

የጾም ማርብል

ከጓደኞቻችሁ መካከል ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ካለ፣ ወይም ወቅቱ ዐቢይ ጾም ከሆነ፣ ለብቻው የተሠራ ልኬት ያስፈልጋል፤ ከላይ ያለውን እንቁላል አውጥቶ በውሃ መተካት አይሠራም። ፉርኖ ዱቄት 210 ግራም፣ ስኳር 150 ግራም፣ ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር፣ ዘይት 75 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ ወይም የአኩሪ አተር ወተት 220 ሚሊ ሊትር፣ የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ቫኒላ። ደረቁን ለብቻ፣ ፈሳሹን ለብቻ ቀላቅላችሁ በመጨረሻ አገናኙ። ሎሚውና ሶዳው ሲገናኙ ወዲያው ስለሚፈሉ እዚህ መዘግየት ጨርሶ አይቻልም፤ ሊጡ 5 ደቂቃ ውስጥ ኦቨን ይግባ። ካካዋው 15 ግራም በ30 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ወይም ቡና ተለውሶ ይገባል። ሊጡ እንቁላል ካለበት ሊጥ ይልቅ ቀጭን ስለሆነ በስቴኪኒ አንድ ጊዜ ብቻ ማቋረጥ በቂ ነው። ቤት ውስጥ ጿሚም የሚፈስክም ካለ የጾሙን አስቀድማችሁ በንጹሕ ዕቃ ጋግሩ።

ከአዲስ አበባ ውጭ ላላችሁ

ዱባይ፣ ጅዳ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ ካላችሁ ከፍታው ወደ ባሕር ጠለል ስለሚጠጋ ልኬቱ ይመለስ፦ ዱቄቱ በጠቅላላው 190 ግራም፣ ስኳር 170 ግራም፣ ወተት 120 ሚሊ ሊትር፣ ቤኪንግ ፓውደር 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ኦቨን 175 ዲግሪ፣ ወረቀቱም ሁለት ሦስተኛ ይሞላ። የባሕረ ሰላጤው ችግር ሌላ ነው፤ ቅቤው በደቂቃዎች ይቀልጣል፣ ስለዚህ ከፍሪጅ አውጥታችሁ እንደለሰለሰ ወዲያው ምቱት። ዴንቨር ያላችሁ 1,600 ሜትር ላይ ናችሁ፤ ሐዋሳና ባሕር ዳርም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ለእናንተ 1 ከሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 160 ግራም ስኳር፣ 130 ሚሊ ሊትር ወተትና 180 ዲግሪ ይስማማል። ድሬዳዋ ከዚያም ዝቅ ትላለች፣ ወደ ባሕር ጠለሉ ልኬት ተጠጉ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከአዲስ አበባም ከፍ ስለምትል ቤኪንግ ፓውደሩን ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ አድርጉና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩ።

ማስዋብና ማቆየት

በእኛ አስተያየት ማርብሉን በወፍራም ክሬም መሸፈን ልፋቱን መቅበር ነው። የግድ ካስፈለገ 100 ግራም የስኳር ዱቄት በ4 የሻይ ማንኪያ ወተት በጥብጣችሁ በማንኪያ ጫፍ ቀጭን መስመር አንጠባጥቡበት፤ ኬኩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ እንጂ ለብ እያለ አይሁን፣ ይቀልጥና ይመጠጣል።

በዚህ ከፍታ ኬክ ቶሎ ይደርቃል። እንደቀዘቀዘ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጡት፤ ከፍሪጅ ውጭ ሁለት ቀን በደንብ ይቆያል። ፍሪጅ ራሱ ያደርቀዋል። ለመቆየት ከሆነ አንድ ባንድ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት፣ አንድ ወር አይበላሽም፤ ስታወጡት ከነመጠቅለያው አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ጠሉ በኬኩ ላይ ሳይሆን በፕላስቲኩ ላይ እንዲያርፍ። ለጓደኞች ወደ ቤት የሚላክ ካለ፣ ካርቶን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአንዱን ታች በእጅ ዳስሱ፤ ጥቂት እንኳ ሙቀት ካለው ገና ነው።